አንዲት ጠብታ ሳትነካሽ

ግንቦት ሲገባ ባሕር ዳር ላይ አንገቱን ወደ ላይ ያላቀና ሰው አይገኝም። ገበሬው ለዘሩ፣ ሙሽራው ለድንኳኑ፣ ጀልባ ነጂው ለነፋሱ፣ ባለ ባጃጁ ደግሞ በዘንዘልማ መንገድ ለሚጠብቀው ጭቃ ሲል ያንጋጥጣል። ሁሉም የየራሱን ትንቢት ይናገራል፤ ሁሉም ይሳሳታል፤ የሚጠየቅ ግን የለም። በዚህች አገር ተሳስቶ የማይጠየቅ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው። አንደኛው ስለ ዝናብ የሚተነብይ ነው። ሁለተኛውን ለጤናዬ ስል ልለፈው።

እኔ በግንቦት ሰማይ ላይ ቀልድ አላውቅም። ሙያዬ ቤት መክደን ነው። ከመርዓዊ በታች ካለች መንደር በእግሬ ባሕር ዳር የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ከጣሪያ ላይ የወደቀ ሚስማር እየለቀምሁ በድንጋይ ማቃናት ነበር። አሠሪዬ ሲመሽ ይቆጥረው ነበርና መቁጠርን ከዚያ ተማርሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። የደረጃ እርከን እቆጥራለሁ። በሰልፍ ከፊቴ ያለውን ሰው እቆጥራለሁ። ሰባኪ ሲያስረዝም "በመጨረሻም" ያለውን እቆጥራለሁ። እስከ ዛሬ አራት መቶ ስድስት ቤት ከድኛለሁ። በአንድ ቆርቆሮ ላይ አሥራ ስድስት ሚስማር እመታለሁ፤ አሥራ አምስት ከሆነ ነፋስ ያውቀዋል።

ለጣሪያ ሠሪ ግንቦት የዓመቱ የፍርድ ቀን ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጣሪያው ትዝ ሳይለው የከረመ ሰው ሁሉ በመጀመሪያዋ ነጎድጓድ ይነቃና ዛሬውኑ ካልመጣህ ይላል። የማንን ቤት ዛሬ ልግለጥ፣ የማንን ለነገ ላቆይ? ይህን ለመወሰን ሰማዩን ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የግንቦትን እያንዳንዱን ቀን በደብተር ጽፌአለሁ፤ ዘነበ ወይስ አልዘነበም፣ ስንት ሰዓት ጀመረ፣ ስንት ሰዓት አባራ። ልጄ ማስተዋል ይህን ሁሉ ስልኳ በአንድ ንክኪ እንደሚነግራት አስረድታኛለች። አሳየችኝም። "ስድሳ በመቶ ዝናብ" ይላል። ስድሳ በመቶ ዝናብ ምን ማለት ነው? እስከ ወገብ አርጥቦ ይተውሃል? የኔ ደብተር እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ዘንቧል፤ ወይም አልዘነበም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሩ የባለቤቴ የየሺ ነው።

የሺ የጣና ልጅ ናት። አባቷ በደንገል ታንኳ እንጨት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ከጣና የሚበልጥ ውኃ እግዜር አልፈጠረም እያሉ ነው ያሳደጓት። ባለፈው ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዝናብ አግኝቷት የሳንባ ምች ጣላት። ሃምሳ ስምንት ቀን ተኛች። በአርባኛው ቀን ገደማ፣ እኛ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እያዞርን ማልቀስ በጀመርንበት ሰሞን፣ ዓይኗን ገለጠችና ማስተዋልን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

"ከጣና የሚበልጥ ውኃ አለ የሚሉት እውነት ነው?"

ሰው እንዲያ ባለ ሰዓት ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፤ ስለ ንስሐ አባቱ ይጠይቃል። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ትንፋሿን እየቆጠረ እሷ ስለ ውኃ ስፋት! ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ልደብቅ አልችልም። ደግነቱ ዳነች። ስትነሣም ልጆቻችን መከሩና ባሕር እንድታይ ወሰኑ። ሞምባሳ፤ የኬንያ ባሕር ዳርቻ። ሐኪሙ ሞቃት አየር ለደረቷ ደግ ነው ብሎ ደገፈ። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለኔ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ዝናብ እንዳይመታት፣ ሁለተኛ ምች ይህ ደረት አይሸከምም አለኝ።

እንግዲህ የቀረው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ዝናብ የሌለበትን ሳምንት መምረጥ። ይህን ደግሞ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

ሳሎናችን ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን። እኔ፣ የሺ፣ አብራን የምትሄደው ማስተዋልና ጎረቤታችን መሪጌታ ጥበቡ። ማስተዋል ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ የምታገኘው በግንቦት ወይም በሰኔ ብቻ ነው። ስልኳን አወጣችና በዚያ አገር ግንቦት ዋናው የዝናብ ጊዜ እንደሆነ፣ ሰኔ ላይ ግን ጋብ እንደሚል አነበበችልን። ስለዚህ ሰኔ ይሻላል አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። በሌላ አገር ቢሆን ያልቅ ነበር።

የሺ ግን ጾሙ መቼ እንደሚገባ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ነው መሪጌታ የተፈለጉት። እሳቸው ወረቀት አልጠየቁም፤ እርሳስ አልጠየቁም። የግራ እጃቸውን ዘረጉና በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ የባሕረ ሐሳቡን ቁጥሮች፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን በለሆሳስ ደመሩ፤ ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀና ብለው ዕርገት ግንቦት አሥራ ሦስት፣ ጰራቅሊጦስ ሃያ ሦስት፣ የሐዋርያት ጾም በማግስቱ አሉ። የከርሞውስ ብዬ ፈተንኋቸው። ነገሩኝ። የዛሬ አርባ ዓመቱስ? ትንሽ ቆይተው እሱንም ነገሩኝ። ማስተዋል በስልኳ አጣራችና ልክ ናቸው አለች። ወገኖቼ፣ እኔ ያለፈውን የሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ለመያዝ አራት ደብተር ፈጅቼአለሁ፤ እሳቸው ገና ያልመጣውን ዘመን በአሥራ አራት አንጓ ይዘውት ይዞራሉ። ቀናሁባቸው። ሰው በጎረቤቱ መሬት ወይም መኪና ይቀናል፤ እኔ በመሪጌታ ጣት ቀናሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰኔ ሞተ። የሺ በጾም ወራት ካላወቀችው ድስት እንደማትበላ ቁርጡን ተናገረች። ማስተዋል እዚያም አትክልት እንዳለ፣ ሩዝ እንዳለ፣ ዘይት ብቻ አድርጉልን ቢሏቸው እንደሚያደርጉ ለመነቻት። የሺ ቅቤ የነካውን ጭልፋ ማን ያጥብልኛል አለች። እኔ ዓሣስ ብዬ ወደ መሪጌታ ዞርሁ። ጣና ዳር ተቀምጦ በጾም ስለ ዓሣ የቤተ ክርስቲያን ሰው መጠየቅ ብልግና እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የአትክልታችን አጥር እንዳማረ ነገሩኝ።

ስለዚህ ግንቦትን ይዘን ቀን መቀነስ ጀመርን። ከሃያ አራት ወዲያ ጾም ነው፤ ወጣ። ሃያ አንድ የግንቦት ማርያም ናት፤ የሺ ማኅበርተኞቿን ትታ አትሄድም፤ ወጣ። አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ሦስት ዕርገት፤ ወጣ። ከዚያ በፊት ያለውን የማስተዋል አለቃ ከለከለ። ከዕርገት ማግስት እስከ ማርያም መዳረሻ ስድስት ቀን ቀረችን፤ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ዘጠኝ። ከዓመቱ ሁሉ ስድስት! ማስተዋል ስልኳን አየችና ፊቷ ጠቆረ። በነዚያ ቀናት እዚያ የሚወርደው ዝናብ የዋዛ አይደለም አለችን።

እኔ ደብተሬን አመጣሁ።

ከግንቦት አሥራ አራት እስከ አሥራ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ቀን ይሆናል። ከነዚህ ውስጥ የዘነበው ሃያ ሦስቱን ብቻ ነው። ከስምንት ቀን አንድ እንኳ አይሞላም። ስድስት ቀን ለሚቆይ ሰው እንግዲህ ሙሉ ዝናብ አይደርሰውም ማለት ነው። ማስተዋል ይህ እኮ የባሕር ዳር ዝናብ ነው አለች። ዝናብ የቀበሌ መታወቂያ አለው እንዴ አልኋት። ግንቦት ግንቦት ነው፤ ፀሐይ አንዲት ናት፤ ሰማይ አንድ ነው። ደግሞም ስልኳ ሳይወጣ ይሄ ደብተር ስንት ቤት ከዝናብ አድኗል! መሪጌታ ከአንጓ ቆጠራ ጋር የሚመሳሰል ነገር ስላዩበት ነው መሰለኝ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። የእሳቸው መነቅነቅ ልቤን አሳበጠው። ያበጠ ልብ ይዤ ወደ ባለቤቴ ዞርሁ።

"የሺ፣ አንዲት ጠብታ ሳትነካሽ ሄደሽ ትመለሻለሽ። ቃሌ ነው።"

ማለቴስ ይሁን። ሻንጣው ሲታሰር ማስተዋል ሁለት ጃንጥላ ከታ አገኘኋት። በእጄ አወጣኋቸው። ሰው ቃሉን ሰጥቶ ጃንጥላ ከያዘ ቃሉ ምን ይሁን ብዬ ነው። የሺ ይህን ቆማ አየችና ምንም አላለችም። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ምንም ሳትል የቀረችባቸውን ጊዜያት ብጽፋቸው ከዝናቡ ደብተር በላይ ይሆናሉ።

በአሥራ አራት ጠዋት ተነሣን። አውሮፕላኑ ባሕር ዳርን ዞሮ ከፍ ሲል በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ወይ ጉድ! አራት መቶ ስድስት ቤት ስከድን ሁሉንም ያየኋቸው ተራ በተራ፣ ቆርቆሮው ላይ ተንበርክኬ ነው። አሁን ባንድ ላይ በፀሐይ ሲያብረቀርቁ አየኋቸው፤ የልብስ ፋብሪካው ሰፈር፣ የዘንዘልማ አዳዲሶቹ፣ ከዓባይ ማዶ ያሉት። የኔን ለመቁጠር ሞከርሁ፤ ሰባት ላይ ስደርስ የአውሮፕላኑ ክንፍ ሸፈነብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ሥራ በሁለት መዳፌ ልሸፍነው እችል ነበር። አላሳፈረኝም። እንዲያውም እንባ መጣብኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የሺ ያየችው ሌላ ነው። ጣናን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ደሴቶቹን፣ ዓባይ የሚወጣበትን፣ አባቷ በታንኳ ሁለት ቀን የሚቀዝፉበትን ማዶ፤ ሁሉም በአንዲት መስኮት ውስጥ ገባ። ይህን ያህል ብቻ ነው እንዴ ብላ ወደኔ ዞረች። ምን ልበላት? ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

ሞምባሳ ስንወርድ ይዘንብ ነበር።

ካፊያ ነው ብዬ አላቃልለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ የጻፈ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዝናብ በደብተሬ የለም። የኛ ዝናብ ይመጣል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል። ይኼኛው ሊኖር የመጣ ነው። የሺን ከአየር ማረፊያው ጣሪያ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ማረፊያችን በረንዳ ስናሸጋግራት እኔና ማስተዋል ጋቢዬን ግራና ቀኝ ወጥረን እንደ ድባብ ያዝንላት። ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ነው የተራመድነው። አንዲት ጠብታ አልነካቻትም። እኔና ልጄ ግን ከባሕሩ የወጣን መስለን ነበር። ማስተዋል ስለ ጃንጥላው ምንም አላነሣችም፤ አስተዳደጓ ጥሩ ነው። በየደቂቃው ግን ታየኝ ነበር።

ማረፊያችን ከውኃው ዳር ያለ ክብ ቤት ነው። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ቅጠል! የዘንባባ ቅጠል በቀጭን ዘንግ ላይ ታጥፎ፣ በገመድ ታስሮ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ፤ ቆርቆሮ የለ፣ አሸንዳ የለ። ሐኪሙ የነገረኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ይህች ሴት ስድስት ቀን በቅጠል ሥር! ከመታጠቢያ ቤት ባልዲ አመጣሁ። የሺ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል እኔ ወንበር ስቤ ከራስጌዋ ተቀመጥሁና ጣሪያው ላይ አፈጠጥሁ። የመጀመሪያዋን ጠብታ በመዳፌ ልቀበላት።

ጠበቅሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ድምፁ ግን የለም። እኔ የማውቀው የዝናብ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ሰው ከሰው አያነጋግርም፤ ሕፃን ያስለቅሳል። እዚህ ከላይ የሚሰማኝ ሹክሹክታ ነው፤ ሰው እንዳይነቃ ተጠንቅቆ የሚያልፍ ዓይነት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ባልዲው ደረቅ ነው። መዳፌም ደረቅ ነው። የሺ ሦስቴ ሳለች፤ ቆጥሬዋለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ሌላ ጉድ ጠበቀን። ባሕሩ የለም።

ማታ በረንዳው ሥር ሲጮህ የነበረው ውኃ ሄዷል። ዓይን እስኪደክም ድረስ እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የተጋደመ ጀልባ። የሺ በረንዳው ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችና የጣና ሰው የሚያስበውን አሰበች፤ በጋው ከፍቶበት ሸሽቷል አለች። በኛ አገር ጣና ከጥር ጀምሮ እያፈገፈገ ሄዶ ግንቦት ላይ ዳሩን ለሣርና ለጭቃ ይለቃል፤ የሚመለሰው ክረምቱ ሲጠግብ ነው። አባቷ ታንኳቸውን የሚያስሩበትን እንጨት በዓመት ሁለቴ ይነቅሉ እንደነበር ነገረችኝ። እንግዲህ ያልታደልን ነን፤ ባሕር ልናይ መጥተን ሸሽቶ ጠበቀን ተባባልን። በልቤ ይህንንም በኔ ደብተር ላይ እንዳታላክክ እየፈራሁ ነበር።

ምሳችንን በልተን ሳንጨርስ ተመልሶ መጣ። ዝም ብሎ፣ ጀልባውን አንሥቶ፣ ድንጋዩን ውጦ፣ በረንዳው ሥር ደረሰ። ሲመሽ ደግሞ ሄደ። ማስተዋል የጨረቃ ሥራ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል ሁለት ጊዜ ይመጣል ብላ አስረዳችን። የሺ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ቀረች። ጣና ዓመት የሚፈጅበትን ጉዞ ይሄ በግማሽ ቀን ጨርሶ ሲመለስ፣ ያውም ስፋቱ ማዶ የሌለው ሆኖ! እኔ ሞገዱን ለመቁጠር ተቀመጥሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንዱ ከአንዱ ተቀላቀለብኝ። እንደገና ጀመርሁ። ሁለት መቶ ላይ ተውሁት። በሕይወቴ ጀምሬ በፈቃዴ የተውሁት ቁጥር እሱ ብቻ ነው። የሚገርመው ግን መተዉ አላመመኝም። አንድ ሸክም ከጀርባዬ እንደወረደልኝ ሰው ሆንሁ።

ዝናቡስ? ዝናቡ አለ። በሁለተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ በአራተኛው ቀን። ባሕሩ ላይ ሲወርድ የሺ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ውኃ ይዞ ምን ጎድሎበት ነው የሚዘንብበት አለች።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታ ደወሉ። ባሕር ዳር ፀሐዩ አናት እንደሚበሳ፣ ከሄድን ወዲህ ደመና እንኳ እንዳልታየ፣ ደብተሬ ነቢይ እንደሆነ ነገሩኝ። እውነት ነው፤ ደብተሬ አልዋሸም። ጥለነው ስለመጣነው አገር አንዲት ቀን ሳያዛንፍ ተናግሯል። እናንተስ ጋ እንዴት ነው ሲሉኝ ውኃ በውኃ ነው መሪጌታ አልኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ።

የቅጠሉ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። በአራተኛው ቀን ከጎናችን ያለውን ቤት ጣሪያ የሚጠግን ሽማግሌ አየሁ። መሰላሉ ላይ ነው፤ ዕድሜው ከኔ አያንስም። ሄጄ ሥሩ ቆምሁ። ዝናቡ እኔን ቢመታኝ ቃሌ አይነካም። በባዶ እጄ የመዶሻ አመታት አሳየሁት፤ ጣሪያ ሠሪ መሆኔን ወዲያው ገባውና ሣቀ፤ ወረደልኝ። ማስተዋልን ጠርቼ በአንድ ጣሪያ ላይ ስንት ሚስማር እንደሚመታ እንድትጠይቅልኝ አደረግሁ። እሷ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ሽማግሌው ለእሷ አልመለሰም፤ እጁን ወደኔ ዘርግቶ አምስቱን ጣቶቹን አሳየኝ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ጭብጥ አደረገው። ምንም።

ቅጠሉን አንሥቶ አስተጣጠፉን፣ አደራረቡን፣ ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንሸራተትበትን አሳየኝ። ቁልቁለቱን በክንዴ ለካሁት፤ ከኔ ጣሪያ በጣም የቆመ ነው። ስንት ዓመት ይቆያል አስባልሁት። ቢያንስ አሥር ዓመት አለ፤ በየጊዜው ከተጎበኘ ከዚያም በላይ። አርባ ዓመት ሚስማር የመታ እጄን ይዞ ጨበጠው። ወገኖቼ፣ እዚያ ዝናብ ውስጥ ለዚያ ሰው እጅ ነሣሁት።

ተመልሼ ለየሺ ነገርኋት። ያለ አንዲት ሚስማር፣ በገመድ ብቻ፣ ይታይሽ ብዬ። እሷ ብዙም አልደነቃትም።

"የአባቴስ ታንኳ ሚስማር ነበረው? አንተ ግን ሚስማር ያልገባበት ነገር ሥራ አይመስልህም።"

አርባ ሁለት ዓመት ይህን ይዛ ኖራለች ማለት ነው። ደግሞ እውነቷን ነው። ደንገሉን በገመድ አስረው፣ ያለ አንዲት ብረት፣ በጣና ማዕበል ላይ ቤተሰብ ያሳደጉ ሰው ነበሩ አማቴ። እኔ ሲሞቱ እንኳ የልጃቸው ባል የቆርቆሮ ቤት ሠሪ በመሆኑ ኮርተው የሞቱ ይመስለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ከሌላው ቀን ይልቅ ከፍ ብሎ መጣ። የበረንዳውን ደረጃ የታችኛውን እርከን አለፈና ሁለተኛውን ነካ። የሺ ጫማዋን አወለቀች። ከጣሪያው ክንፍ ሥር፣ እርከኑ ላይ ተቀመጠች። ከጉልበቷ አንድ ክንድ ወዲያ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ እዚህ ግን ደረቅ ነው። ባሕሩ ራሱ መጥቶ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚት ያዘው። ሞቅ ያለ ነው አለች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ምንም አልቆጠርሁም። ማዶ የለም፤ ከላይ ውኃ፣ ከታች ውኃ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር እንኳ ጠፍቶ ነበር። ዓለም የተፈጠረች ዕለት እንዲህ ሳትሆን አልቀረችም። ማማተብ ፈለግሁና እጄ ከበደኝ።

የሺ ወደ ውኃው እያየች ተናገረች።

"አባቴ አልዋሸኝም። አላየም እንጂ።"

ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም።

በአሥራ ዘጠኝ ተመለስን። ለመውጣት ጋቢውን እንደገና ወጠርን፤ እንደገና አጀብናት። ስድስት ቀን ዘንቧል፤ ስድስቱንም ቀን። የሺን ግን አንዲት ጠብታ አልነካቻትም። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ስንቀይር ይህን ለማስተዋል አስረዳኋት። ቃል ማለት ሰማዩን ማዘዝ አይደለም፣ ሰውዬዋን ማድረቅ ነው አልኋት። ልጅቱ እንደ ጠበቃ ትከራከራለህ አለችኝ። ብትልም ደስ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ያስፈራኝ ነገር አልደረሰም፤ ሚስቴ ባሕር አይታለች፤ ቃሌ አልተሰበረም። ባሕር ዳር ስንወርድ ፀሐይ ነበረች። በባጃጅ ወደ ቤት ስንሄድ ደረቴን ነፍቼ ነው የተቀመጥሁት፤ የደጄን በርም በኩራት ከፈትሁ።

መሪጌታና ሁለት ጎረቤቶች እንኳን ደህና ገባችሁ ሊሉ መጡ። የሺ ሳሎኑ መሐል ተቀምጣ ወሬዋን ጀመረች፤ የሚሄደውና የሚመጣው ውኃ፣ ማዶ የሌለው ማዶ። መሪጌታ የጣቶቻቸውን አንጓ ረስተው ያዳምጣሉ። በዚህ መሐል ሰማዩ ከጣና በኩል አጉረመረመ፤ ስድስት ቀን የጠፋው ደመና መጣ። ቆርቆሮው ላይ ወረደብን። ድምፁ ሰው ከሰው አላነጋግር አለ። የሺም ዝናቡን ለመብለጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች።

ያኔ ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ወረደች። በቀጥታ፣ ሳትዛነፍ፣ የሺ ግንባር ላይ አረፈች።

ይህን ቤት የከደንሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ቆርቆሮ አሥራ ስድስት ሚስማር። የሺ ወደ ላይ አየች። ከዚያ ወደኔ አየች። ከዚያ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወንበሯን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ወደ መሪጌታ ዞረች።

"ባሕሩስ ባሕር ነው መሪጌታ" አለቻቸው፤ "የቅጠል ጣሪያቸውን ባዩልኝ።"